ሚያታን ለትራክ ማዘጋጀት፦ ሞላ፣ አሞርዛተር፣ ስታብላይዘር ወይስ ሻንሲ?

በመጀመሪያው የትራክ ቀኔ፣ ማለትም የራሴን መኪና በመወዳደሪያ ሜዳ በነዳሁበት ቀን፣ የነዳኋት ማዝዳ ሚያታ ከፋብሪካ እንደወጣች ነበረች። ለሁለተኛው ቀን «አሻሽያት» ሄድኩ። በመሃል 900 ዶላር ወጥቷል። በዚያ ገንዘብ የገዛሁት ነገር ቢኖር ቀርፋፋነት ነው። ይባስ ብሎ ደግሞ ፍርሃት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ላይ ርካሽ ኮይሎቨር አይቼ ጓጓሁ። ኮይሎቨር የሚባለው ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ ተገጣጥመው የሚመጡበት፣ ከፍታው በክር ወደ ላይና ወደ ታች የሚስተካከል ዕቃ ነው። ገጥሜ ሳበቃ መኪናዋን መሬት ልትስም እስክትደርስ ዝቅ አደረግኳት። ፎቶ ላይ ምን የመሰለች ሆነች። ሰሚት ፖይንት የሚባለው ትራክ ላይ ግን በፍጥነት በሚዞር ኩርባ ውስጥ ትንሽ ጎርባጣ ቦታ ረገጥኩ። አሞርዛተሩ የሚወርድበት ቦታ አልቀረውም። ማቆሚያው ጎሚኒ ላይ ቁጭ አለ፣ የኋላው ጎማ መሬቱን ለቀቀ፣ ጅራቷ ዞረ። ሣር ላይ ቆሜ አቧራው እስኪበተን ጠበቅኩ። ከአራት ወር በኋላ ደግሞ አንደኛው አሞርዛተር ዘይት ያንጠባጥብ ጀመር።

አዲስ አበባ ጋራዥ ያለው አጎቴ ታሪኩን በስልክ ሰምቶ ሳቀብኝ። «ሞላ መኪናውን ይሸከማል፤ አሞርዛተር ሞላውን ይገራል። አንተ ያልተገራ ወይፈን ጠምደህ ነው ልታርስ የወጣኸው» አለኝ።

እኔ የከፈልኩትን እናንተ እንዳትከፍሉ ነው ይህን የምጽፈው። ዕቃዎቹን እያነጻጸርኩ እሄዳለሁ። ከዕቃው በላይ ግን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው የምጨቃጨቀው።

የትኛዋ መኪና፣ የትኛው ትራክ

የማወራው ስለ ሁለተኛው ትውልድ ሚያታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1999 እስከ 2005 ሞዴል የተሸጠችው፣ ወዳጆቿ «ኤንቢ» የሚሏት። ክብደቷ ወደ 1,050 ኪሎ ነው። ሞተሯ 1.8 ሊትር፣ የምትገፋው በኋላ ጎማ ነው። አራቱም ጎማ ላይ ጎማውን ከሻንሲው የሚያያይዝ ድርብ ክንድ አላት፤ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ አሠራር ያላት መኪና ብዙ የለችም። መኪናዋ ኩርባ ላይ ስታዘነብል ክንዶቹ ጎማውን ወደ ውስጥ ስለሚያጋድሉት የጎማው ፊት መሬቱን ሳይለቅ ይቆያል። በዚያ ላይ ኤስሲሲኤ የሚባለው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ «ስፔክ ሚያታ» የሚል የውድድር ክፍል አለው። ስለዚህ የተሞከረ ዕቃ፣ የተጻፈ ልምድና ያገለገለ መለዋወጫ ሞልቷል።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምንኖር ሰዎች ከቅርብ ትራኮች አንዱ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ጎህ ሳይቀድ ከተነሳችሁ ለጠዋቱ የሾፌሮች ስብሰባ ትደርሳላችሁ። ዋናው ትራክ 2 ማይል ርዝመትና 10 ኩርባ አለው። ከረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ ፍሬን በኃይል ይያዛል። እዚያው ግቢ ውስጥ ሸናንዶዋ የሚባል ሌላ ትራክ አለ፤ የጀርመኑን ኑርቡርግሪንግ የኮንክሪት ኩርባ አስመስለው የሠሩት። መኪና በዚያ ኩርባ ስትገባ ኮንክሪቱ ወደ ታች ይጫናታል። አሞርዛተራችሁ ደካማ ከሆነ በአንድ ዙር ይነግራችኋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ቪአይአር (ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ) አለ፤ 3.27 ማይል፣ ሽቅብ የሚወጡ ፈጣን ጠመዝማዛዎች ያሉት። እዚያ ከርብ ላይ፣ ማለትም የኩርባው ዳር ላይ ያለው ከፍ ያለ ጠርዝ ላይ፣ ሳትወጡ ፈጣን መሆን ከባድ ነው።

ሞላ ከማዘዛችሁ በፊት

እዚህ ላይ አልቆይም፤ ግን ዘልዬውም አላልፍም። መጀመሪያ የፍሬን ዘይት ቀይሩ። ተራው ዶት 3 አዲስ ሆኖ የመፍያ ነጥቡ ከ205 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያንስ ነው ደረጃው የሚጠይቀው። ውሃ ሲስብ ደግሞ ይወርዳል። እንደ ሞቱል አርቢኤፍ 600 ያለው የትራክ ዘይት አዲስ ሲሆን 312 ዲግሪ ድረስ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም። ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራም አብራችሁ ቀይሩ።

ቀጥሎ ጎማ። የመልበስ ቁጥሩ 200 የሆነ የበጋ ጎማ ከማንኛውም ሞላ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ለክረምትም ለበጋም የሚሆነው ጎማ ትራክ ላይ ሲሞቅ እንደ ማስቲካ ይላቀቃል።

ሦስተኛው የጥቅል መከላከያ ባር ነው፤ መኪናዋ ብትገለበጥ ጭንቅላታችሁን የሚጠብቅ ብረት። ሚያታ ጣሪያዋ ጨርቅ ነውና። ብዙ አዘጋጆች ያለ እሱ አያስገቡም። ከባሩ ጫፍ እስከ ፓራብሬዛው አናት ቀጥ ያለ እንጨት አስቀምጠው ሄልሜታችሁ ከዚያ በታች መሆኑን ያያሉ። ረጅም የሆነ ሰው ወንበሩን ዝቅ ማስደረግ ሊኖርበት ነው።

አላይመንት፦ በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ለውጥ

ማንም «ምን ልግዛ?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልሴ ይሄ ነው። አላይመንት፣ ማለትም ጎማዎቹ የሚያዘነብሉበትንና የሚያዩበትን አቅጣጫ ማስተካከል። ሰው ግን ይንቀዋል፤ ዕቃው በካርቶን ስለማይመጣ ይመስለኛል።

ኤንቢ በእያንዳንዱ ጎማ የታችኛው ክንድ ላይ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ስምንት፣ እንብርታቸው ከመሃል የወጣ ማስተካከያ ብሎኖች አሏት። ፋብሪካው በነጻ የሰጠን ሀብት ነው። በእነሱ የጎማውን ከላይ ወደ ውስጥ ማዘንበል፣ ማለትም ካምበሩን፣ ታስተካክላላችሁ። መኪናዋ ትንሽ ዝቅ ካለች ከፊት ወደ 2 ዲግሪ የሚጠጋ አሉታዊ ካምበር ይገኛል። እኔ ከፊት የተገኘውን ያህል፣ ከኋላ ያንኑ ወይም ትንሽ ያነሰ አደርጋለሁ። የፊት ጎማዎቹ አፍንጫ ቀጥ ይበል። የኋላዎቹ እጅግ በትንሹ ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ ፍሬን ሲያዝ ጅራቷን የሚያረጋጋው ይሄ ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ዝገት ነው። በእኛ አካባቢ ክረምት ላይ መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው እነዚያን ብሎኖች ከቱቦአቸው ጋር ያጣብቃቸዋል። ቀጠሮ ከመያዛችሁ አንድ ሳምንት በፊት ጀምራችሁ ዘልቆ የሚገባ ዘይት እየረጫችሁ ቆዩ። ካልሆነ ሠራተኛው «አይፈታም» ብሎ የጠየቃችሁትን ሳይሠራ ይመልሳችኋል።

ሁለተኛው የማሽኑ አረንጓዴ ቀለም ነው። አንድ ቤት «ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ጨርሻለሁ» ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ። አረንጓዴው ለገበያና ለሥራ የምትሄድ መኪና ልክ ነው። ስለዚህ የምትፈልጉትን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። «እኔ መቀመጫው ላይ ልቀመጥ፣ ከዚያ አስተካክሉ» በሉ። አንድ ሰው በ1,050 ኪሎ መኪና ላይ ቀላል ጭነት አይደለም።

ሞላና አሞርዛተር፦ ትልቁ ምርጫ

ሥራቸውን መጀመሪያ እንለይ። ሞላ መኪናዋ ምን ያህል እንደምትዘነብልና እንደምትጎነበስ ይወስናል። አሞርዛተር ደግሞ በምን ፍጥነት እንደሆነ። ሞላው ሲጨመቅ ጉልበት ያጠራቅማል፤ አሞርዛተሩ ያንን ጉልበት በዘይት ውስጥ ወደ ሙቀት ለውጦ ይጨርሰዋል። ጠንካራ ሞላ ለደካማ አሞርዛተር ከሰጣችሁት ጎማው መሬት ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል። በአየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ መኪናዋን አያዞርም፣ አያቆምም፣ አይገፋም።

በተግባር ከፊታችሁ አራት መንገድ አለ።

አንደኛው፣ ነባሩን አሞርዛተር ትቶ ማሳጠሪያ ሞላ ብቻ መቀየር። ርካሽ ነው። አታድርጉት። ኤንቢ ከመነሻውም ለአሞርዛተር የተረፈላት የመውረጃ ቦታ ጥቂት ናት። ሞላው ሲያሳጥራት እሷም ታልቃለች፤ ያ ያረጀ አሞርዛተር ደግሞ የድሮውን ሞላ ራሱ መግራት አቅቶታል። መልኳ እንጂ አነዳዷ አይሻሻልም።

ሁለተኛው፣ ጥሩ አሞርዛተር ከመጠነኛ ሞላ ጋር። እዚህ የሚነሱት ስሞች ኮኒና ቢልስታይን ናቸው። የኔዘርላንዱ ኮኒ ቢጫው ስፖርት ከላይ ባለ ቁልፍ ይስተካከላል። የሚስተካከለው ግን ሞላው ሲመለስ ያለው ጉልበት ብቻ ነው፣ ሲጨመቅ ያለው አይደለም። ይህ ለጀማሪ ጉድለት አይደለም፤ የምታበላሹት ነገር ያንሳል ማለት ነው። የጀርመኑ ቢልስታይን ደግሞ ምንም አይስተካከልም። ገጥማችሁ ትረሱታላችሁ። ውስጡ ጋዙና ዘይቱ በፒስተን የተለያዩ ስለሆኑ ሲሞቅ አረፋ አይሠራም። ለ20 ደቂቃ የትራክ ዙር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ምርጫዬ? በሳምንቱ ቀን ለሥራ በ495 አውራ ጎዳና ለምትነዳ መኪና ኮኒ። ቁልፉን ላላ አድርጋችሁ ትሄዳላችሁ፣ ትራክ ስትደርሱ ታጠብቁታላችሁ። ማስተካከል የማይወድ ሰው ቢልስታይን ይግዛ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፤ ከሞላው ጋር በግምት 1,000 ዶላር ወዲህና ወዲያ።

ሦስተኛው ርካሽ ኮይሎቨር ነው። ታሪኬን ሰምታችኋል። «30 ደረጃ ማስተካከያ አለው» የሚለው ማስታወቂያ አያማልላችሁ። ከ30ው ውስጥ 20ዎቹ አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ አራቱ አሞርዛተሮችም እርስ በርስ ካልተመሳሰሉ ምን ይጠቅማል? ሌላው ችግር ክሩ እስከ ታች ድረስ እንድታወርዱ ይጋብዛል። ሚያታ በጣም ዝቅ ስትል ክንዶቹ ወደ ላይ ያቀናሉ። ያኔ መኪናዋ የምታዘነብልበት ምናባዊ ማዕከል ከክብደቷ ማዕከል በፈጠነ ሁኔታ ይወርዳል። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ዝቅ ያለችው መኪና ይበልጥ ማዘንበል ትፈልጋለች። ያንን ለማስቆም ደግሞ የባሰ ጠንካራ ሞላ ትገዛላችሁ። እኔ አሁን በሮቹ ስር ያለው የብየዳ ጠርዝ ከመሬት 5 ኢንች እንዳይወርድ አደርጋለሁ።

አራተኛው ደህና ኮይሎቨር ነው። ኦሊንስን የመሰሉ፣ ወይም በሚያታ ስፔሻሊስቶች የተዘጋጁ። ከ2,000 ዶላር በላይ አዘጋጁ። እውነቱን ለመናገር ልዩነታቸው ይሰማል። የአንድ ጓደኛዬን መኪና ሸናንዶዋ ላይ ነድቼ ነበር፤ ከርብ ላይ ስወጣ ጠንካራ ሞላ ያላት መኪና መሆኗን ረሳሁት። ጎማው ይወጣል፣ ይመለሳል፣ አለቀ። ደህና አሞርዛተር ጥንካሬ ሳይጨምር መረጋጋት ይሰጣል። ሲያረጅም ተፈትቶ ይታደሳል፤ ርካሹ ይጣላል። በዓመት ስድስትና ሰባት ቀን ትራክ የምትሄዱ ከሆነ በቀጥታ ወደዚህ ዝለሉ። ሁለት ጊዜ ከመግዛት ይሻላል።

የሞላ ቁጥር ስትመርጡ አንድ ማሳሰቢያ። የስፔክ ሚያታ መኪኖች ከፊት 700፣ ከኋላ 325 ፓውንድ በኢንች የሆነ ሞላ ይጠቀማሉ። ሰው ይህን ያነብና «ለእነሱ ከሠራ ለእኔም» ይላል። እነዚያ መኪኖች በተጎታች ነው የሚመጡት። በዚያ ሞላ ከፎልስ ቸርች እስከ አሌክሳንድሪያ ሦስት ቀን ብቻ ንዱና ወገባችሁን ጠይቁት። በመንገድ ለምትነዳ መኪና ከዚያ ግማሽ አካባቢ ከፊት ይበቃል፤ ከኋላው ደግሞ እንደ ልማዱ ከፊተኛው ያንሳል።

አሮጌ ዕቃ ገጣጥማችሁ ለምትሠሩ ትንሽ ምክር፦ የመጀመሪያው ትውልድ ሚያታ ያላችሁ ሰዎች የላይኛውን የአሞርዛተር መያዣ ከኤንቢ ውሰዱ። የመውረጃ ቦታ ይጨምርላችኋል።

ስታብላይዘር፦ ከፊት እንጂ ከኋላ አትጀምሩ

ስታብላይዘር ግራና ቀኝ ጎማን የሚያያይዝ፣ ሲጠመዘዝ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ ነው። ማዘንበልን ይቀንሳል፣ ቀጥታ መንገድ ላይ ግን መኪናዋን ብዙም አያጠነክርም። ለመንገድም ለትራክም ለምትነዳ መኪና ምቹ ነው።

ጥያቄው የፊቱ ወይስ የኋላው ነው። ብዙ ሰው «ሚያታ አፍንጫዋ አልታዘዝ ይላል» ብሎ ከኋላ ወፍራም ዘንግ ይገጥማል። በልምዴ ይህ ስህተት ነው። የኋላው ዘንግ ሲወፍር በኩርባ ውስጥ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ይቀልላል። ተራ ዲፈረንሻል ካላችሁ ያ ጎማ ብቻውን ይሽከረከራል፤ ጋዝ ስትሰጡ ጭስ እንጂ ፍጥነት አይወጣም። የፊቱን ወፍራም አድርጉና የኋላውን የፋብሪካውን ተዉት። አፍንጫዋ አልታዘዝ ካለች መጀመሪያ ካምበሩን ጨምሩ፣ የጎማ አየሩን ተመልከቱ፣ ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ምናልባት ወደ ኩርባው የምትገቡት በጣም ፈጥናችሁ ይሆናል። የእኔ ችግር ይሄ ነበር፤ አስተማሪው በሁለት ዙር ነገረኝ።

ጎሚኒ፣ ቡሽ፣ ኩሽኔታ

ክንዶቹ ከሻንሲው ጋር የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ጎማ ቡሽ አለ። ያቺ መኪና ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ጎሚኒዎቹም እንዲሁ። የተሰነጠቀ ጎሚኒ ላይ ያስተካከላችሁት አላይመንት ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ይቀያየራል።

ምርጫው ሦስት ነው። አዲስ የፋብሪካ ጎሚኒ ዝም ያለ፣ ረጅም ዕድሜ ያለው፣ ለመግጠም ግን ፕሬስ የሚፈልግ ነው። ፖሊዩሪቴን ጠንከር ይላል፣ በእጅ ይገባል፣ ግን ቅባት ይፈልጋል፤ ቅባቱ ሲያልቅ እንደ አሮጌ የእንጨት በር ይጮኻል። ኳስ ኩሽኔታ ትክክለኛነቱ የላቀ ነው፤ ድምፁና አሸዋው ግን መንገድ ለምትነዳ መኪና አይሆንም። እኔ የፋብሪካውን መርጫለሁ፤ አልጸጸትም። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ። ብሎኖቹን የምታጠብቁት መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ ሳይሆን በጎማዋ ቆማ ነው። ካልሆነ ጎሚኒው ተጠምዞ ይቆይና በአጭር ጊዜ ይቀደዳል።

ሻንሲው

ጣሪያ የሌላት መኪና ትጠመዘዛለች። መሪው ላይ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ከዚያ ነው። ከኮፈኑ ስር የሚያብረቀርቀው የአሞርዛተር ማማ ማያያዣ ዘንግ ብዙ ይሸጣል። በዚህች መኪና ላይ ግን ክንዶቹ የተያዙት ታች ባለው ንዑስ ፍሬም ስለሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ከስር የሚገቡት የወለል ማጠንከሪያዎች ይበልጣሉ። ቢሆንም ዙር ሰዓት አይለውጡም፤ የሚለውጡት ስሜት ነው። ጥሩ የጥቅል ባርም ኋላዋን ትንሽ ያጠነክራል፤ ለደኅንነት የገዛችሁት ስለሆነ ይህኛው ምራቂ ነው።

ገንዘባችሁን ለማጠንከሪያ ከማውጣታችሁ በፊት መኪናዋን አንሡና ከበሮቹ ስር ያለውን ጠርዝና የፊት ሻንሲ ዘንጎችን በመብራት ተመልከቱ። ኤንቢ እዚያ ትዝጋለች። ቀለሙ ያበጠ ከሆነ ጣታችሁን ጫን አድርጉበት። የበሰበሰ ሻንሲ ላይ የተበየደ ማጠንከሪያ ልስን ነው።

እንግዲህ ለማን ምን?

በዓመት ሁለት ቀን ብቻ የምትሄዱ፣ በቀረው ጊዜ ለሥራ የምትነዱ ከሆነ፦ ዘይት፣ ሸራ፣ ጎማ፣ ባር፣ አላይመንት። እዚያ ላይ ቁሙ። አሞርዛተሩ ካረጀ ቢልስታይን አስገቡ።

በዓመት አራትና አምስት ቀን ከሆነ ኮኒና መጠነኛ ሞላ፣ የፊት ስታብላይዘር፣ አዲስ ጎሚኒ። እኔ እዚህ ነኝ።

መኪናዋ ሰሌዳ የሌላት፣ በተጎታች የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ደህናው ኮይሎቨር፣ ጠንካራ ሞላ፣ በመጨረሻም አራቱን ጎማ በሚዛን ላይ አቁሞ ክብደት ማካፈል። ሾፌሩ ተቀምጦ የግራ ኋላና የቀኝ ፊት ጎማ ድምር ከጠቅላላው 50 በመቶ ሲሆን መኪናዋ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል ትዞራለች። ከዚያ በፊት ይህን ሥራ መሥራት ከግንባታው በፊት መጋረጃ እንደ መስቀል ነው።

አንድ ቀን ላይ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። እኔ ከመሪው በቀኝ ባለው ኪስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተር አለችኝ። የአሞርዛተር ቁልፉ ስንት ሩብ ዙር እንደተጠበቀ፣ ጎማው ሲሞቅ አየሩ ስንት እንደነበር፣ ቀኑ ሞቃት ይሁን ቀዝቃዛ፣ በየትኛው ኩርባ ምን እንደተሰማኝ እጽፍባታለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ የተጻፈው የ900 ዶላሩ ኮይሎቨር ዋጋ ነው። ዕቃው ራሱ ከነ ዘይቱ ጋራዤ ጥግ ቆሟል፤ የሚገዛኝ ሰው አላገኘሁም፣ ለሚያውቀኝ ሰው ደግሞ አልሸጠውም።